አራቱ ባለመታወቂያዎች

እናቴ እ.ኤ.አ. በ2024 ጁን መጀመሪያ ላይ ቨርጂኒያ በገባች በማግስቱ፣ የሰዓቱ ለውጥ ገና ሳይለቃት፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነሥታ የፎቁን መስኮት ከፈተች። ቡና ላፈላ ስወርድ ጠራችኝ።

«ና እስቲ። እኚህ ሰውዬ ጉሎ ይተክላሉ እንዴ?»

መስኮቱ የሚያየው የጎረቤታችንን ጓሮ ነው። ጓሮው ከሰው ቁመት ከፍ ባለ የእንጨት አጥር የታጠረ ሲሆን ፀሐይ በሚያገኘው ጥግ አራት ጥቁር ባልዲ ተደርድሮበታል። በየባልዲው አንዳንድ ቡቃያ ቆሟል። ቅጠሉ እንደ እጅ መዳፍ ጣት ጣት አለውና እናቴ አይፈረድባትም፤ ከሩቅ ለሚያየው እውነትም ጉሎ ይመስላል። እሷ ደግሞ ጉሎ ስታይ የሚታያት ምጣድ ነው። ልጅ ሆና ፍሬውን እየወቀጠች ምጣድ ስታስስበት ነው ያደገችው።

«ጉሎ አይደለም እማዬ። መድኃኒት ነው።»

«የምን መድኃኒት?»

«የእንቅልፍ።»

ውሸቴ ለምሳ እንኳ አልደረሰች። የ14 ዓመቷ ልጄ «አያቴ፣ ዊድ እኮ ነው» ብላ በስልኳ ፎቶውን ከነታሪኩ አሳየቻት። እናቴ «ሐሺሽ!» ብላ መጋረጃውን ጎትታ ዘጋችው። ጥቂት ቆይታ ግን በመጋረጃው ጠርዝ አንድ ዓይኗን አሾለከች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስክትመለስ ድረስ ያ መጋረጃ ተዘግቶም ተከፍቶም አያውቅም።

«ፖሊስ አያውቅም?» አለችኝ ማታ፣ ግድግዳው እንዳይሰማት ድምጿን ቀንሳ።

ማስረዳት ነበረብኝ። ቨርጂኒያ ውስጥ ከጁላይ 1 ቀን 2021 ጀምሮ 21 ዓመት የሞላው ሰው በሚኖርበት ቤት ለራሱ የሚሆን ካናቢስ መትከል ይችላል። የተፈቀደው ለአንድ ቤት 4 እግር ነው፤ ቤቱ ውስጥ አሥር ሰው ቢታጨቅም ያው 4 ነው። ተክሉ ከመንገድ መታየት የለበትም። ልጆች እንዳይደርሱበት መጠበቅ አለበት። ደግሞም በእያንዳንዱ ተክል ላይ የሚነበብ ካርድ ይንጠለጠላል። እዚህ ላይ አቋረጠችኝ።

«ካርዱ ላይ ምን ተጽፏል?»

«የባለቤቱ ስም፣ የመንጃ ፈቃዱ ወይም የመታወቂያው ቁጥር፣ ለግል ፍጆታ የበቀለ መሆኑም።»

ዝም አለች። እናቴ ዝም ካለች እየደመረች ነው።

«አንተ ዲቪ ደርሶህ ወረቀትህ እስኪያልቅ ድረስ የቤቴን ጣሪያ ምስማር ሁሉ ቆጥረህ ጨርሰሃል። ያክስትህ ልጅ ይኸው እስካሁን ወረቀት ትጠብቃለች። ይቺ ከበቀለች ስንት ጊዜዋ ነው?»

«ሦስት ሳምንት ቢሆናት ነው።»

«ሦስት ሳምንት!» አለችና እጇን አፏ ላይ ጫነች። ካርድ ሳያንጠለጥል የተገኘ ሰው ቅጣቱ ከ25 ዶላር እንደማይበልጥ ብነግራት ይብስ ትናደዳለች ብዬ ተውኩት። እኔ መኪናዬን ያለ ቦታዋ አቁሜ ከዚያ በላይ የከፈልኩበት ቀን አለ።

እንዲህ ያለው ሕግ በኛ ሰፈር ወንዝ በተሻገሩ ቁጥር ይቀየራል። አበሻው እንደሆነ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላይ ተበትኖ አንድ ከተማ አድርጎ ነው የሚኖረው። ዲሲ ከ2015 ጀምሮ ለአንድ ሰው 6 እግር ትፈቅዳለች፤ ለአበባ መድረስ የሚችሉት ግን ባንድ ጊዜ ከ3 አይበልጡም። ሜሪላንድ ከጁላይ 2023 ወዲህ ለአንድ ቤት 2 ብቻ ነው። ከአሌክሳንድሪያ ተነሥቶ በዲሲ በኩል አቋርጦ ሲልቨር ስፕሪንግ ክርስትና የሚሄድ ሰው ድፎው ሳይቀዘቅዝ ሦስት መንግሥት ያልፋል። ከሦስቱም በላይ ደግሞ የፌዴራሉ መንግሥት ተቀምጦ «ሁሉም ክልክል ነው» ይላል። ወደዚህ እመለሳለሁ፤ እኔን የነካኝ እሱ ነው።

ጎረቤቴንም የነካቸው እሱ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፖስታ ሲያድሉ የኖሩ ሰው ናቸው። የፖስታ ሥራ የፌዴራል ሥራ ነው፤ የፌዴራል ሠራተኛ ደግሞ ክፍለ ሀገሩ ቢፈቅድለትም ካናቢስ መጠቀም አይችልም። ስለዚህ ጡረታ እስኪወጡ ጠበቁ። የጡረታ ደብዳቤያቸው በደረሰ በወሩ 5 ዘር የያዘች ፓኬት ገዙ። ሕጉ 4 ስለሆነ አምስተኛዋን ፍሪጅ ውስጥ፣ እንቁላል መደርደሪያው ላይ አስቀመጧት። ከ4 በላይ እስከ 10 ድረስ ይዞ መገኘት ለመጀመሪያ ጊዜ 250 ዶላር ያስቀጣል። ባጥሩ ላይ ሆነው ይህን ሲያጫውቱኝ ሳቄን ዋጥኩት። ዕድሜ ልኩን ደብዳቤ ሳያሳስት ያደለ ሰው በአንድ ዘር አይሳሳትም።

ዘሮቹ «ኦቶ» ይባላሉ አሉኝ። ይህንኑ ለእናቴ ነገርኳት።

«ሴት ናቸው አላልከኝም? ምነው ታዲያ አቶ ትላቸዋለህ?»

«አቶ አይደለም፣ ኦቶ። ማንም ሳያዛት በራሷ ጊዜ የምታብብ ማለት ነው።»

ሴቶች መሆናቸው ግን እውነት ነው። ዘሩ ሴት ብቻ እንዲያወጣ ሆኖ የተዘጋጀ ነው። ወንዱ የአበባ ብናኝ በትኖ የሴቷን አበባ በፍሬ ስለሚሞላባቸው ተካዮች አይፈልጉትም፤ ከተገኘ ተነቅሎ ይጣላል። እናቴ ይህን ስትሰማ አማተበች። «አባትህ ይህን አገር ሳያይ መሞቱ በጀው» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተለመደው ካናቢስ ለማበብ ሰማይ ሰማይ ያያል። ቀኑ አጥሮ ሌሊቱ ወደ 12 ሰዓት ሲጠጋ «በቃ፣ ክረምቱ መጣ» ብሎ አበባ ይጥላል። በኛ አገር የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ከአንድ ሰዓት ብዙም ፈቅ አይልምና ለዚህ ነገር ልብ ብለን አናውቅም። ቨርጂኒያ ውስጥ ግን በጁን ፀሐይቱ 15 ሰዓት ገደማ ትቆያለች። ወደ ሰሜን ሲዘልቁማ ቀኑ አልጨልም ይላል፤ መጨለም ሲጀምር ደግሞ ውርጩ አብሮ ይመጣል። እዚያ ሌሊት እስኪረዝም የሚጠብቅ ተክል ዘሩን ሳይተካ ይሞታል። ስለዚህ በሩሲያ ሜዳ የበቀለችው ዘመዱ ሰማይ ማየቱን ትታ ዕድሜዋን መቁጠር ለመደች። ዲሚትሪ ያኒሼቭስኪ የተባለ የሶቪየት የዕፅዋት ተመራማሪ በ1924 «ሩደራሊስ» ብሎ ሰየማት፤ የፍርስራሽና የመንገድ ዳር ተክል እንደማለት ነው። ቁመቷ አጭር፣ አበባዋም ይህን ያህል የሚባል ባለመሆኑ ለረጅም ጊዜ ዞር ብሎ ያያት አልነበረም። ኋላ በ2000ዎቹ መጀመሪያ «ሎውራይደር» የምትባል ድቅል ከሷ ወጥታ ገበያ ገባች። አሁን ያሉት ኦቶዎች እሷን ተከትለው የመጡ ናቸው። በበቀሉ በሦስትና በአራት ሳምንታቸው ያብባሉ፤ በሁለት ወር ተኩልና በሦስት ወር ውስጥ ይደርሳሉ።

ይህን ሁሉ በላብ ካስረዳኋት በኋላ እናቴ በአንድ ቃል ዘጋችው።

«ቡኝኝ በለኛ!»

ቡኝኝ ከሌላው ጤፍ ቀድማ የምትደርስ ናት። ዝናቡ ሲዘገይ ገበሬው ወደሷ ነው የሚሮጠው። የሶቪየቱ ሰው እናቴን ቢያማክራት ኖሮ ስሙ ያን ያህል አይረዝምም ነበር።

ኦቶን «ለጀማሪ የምትሆን» እያሉ ነው የሚሸጧት። እኔ በሦስት ወር ትዝብቴ ይህን አባባል አልቀበልም። ጀማሪ ይሳሳታል፤ ስሕተቱን የሚያርምበት ጊዜ ያስፈልገዋል። ሌላው ካናቢስ ቢጎዳ መብራቱን እያራዘሙ እስኪያገግም ያቆዩታል። ኦቶ ግን አትጠብቅም። ታመመችም፣ ጠማትም፣ ሥሯ ተነካም፣ ቀኗ ሲደርስ ታብባለች። ቅርንጫፏን ቆርጦ እንደገና ከሀ ልጀምር ማለትም አይሠራም፤ ቅርንጫፉ የእናቱን ዕድሜ ይዞ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ሁልጊዜ ከዘር ነው። ከዘር ከሆነ ደግሞ እያንዳንዷ የየራሷን ዲቪ ሞልታ ነው የምትመጣው። አዳቃዮቹ በራስ ጊዜ ማበብን በዘሩ ውስጥ ያጸኑታል፤ ቁመቱን፣ ሽታውን፣ የቅጠሉን ስፋት ግን ሁሉም አጽንተው አይጨርሱትም። ያ በዕጣ ይወጣል።

ጎረቤቴ ይህን አልጠበቁም። ፓኬቱ ላይ አንድ ፎቶ ብቻ ስላለ አራት ያንን ፎቶ ይጠብቁ ነበር። አፈሩ አንድ፣ ባልዲው አንድ፣ ውኃው በመለኪያ፣ የተዘሩትም ባንድ ጠዋት። ደብተር ይዘው በየዕለቱ ቁመት ይለካሉ። በአምስተኛው ሳምንት ደብተሩ ላይ የሚጻፈው ነገር የአንድ ፓኬት ልጆች መሆኑ ቀረ።

ስም ያወጣችላቸው እናቴ ናት፣ ከመጋረጃው ጀርባ። የመጀመሪያዋ «ቀውላላዋ» ነች። ቅጠሏ የቀጠነ፣ አንጓና አንጓዋ የተራራቀ፣ በስድስት ሳምንቷ የሽማግሌውን መቀነት ያለፈች፣ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር የምትሰግድ። ሁለተኛዋ «ችኩሏ» በ22ኛ ቀኗ ነጫጭ ጸጉር አወጣች። በካናቢስ ዘንድ የሴትነት ምልክቱ ይህ ነው፤ ቅርንጫፉና ግንዱ ከሚገናኙበት ብብት ሁለት ሁለት እየሆነ ብቅ የሚል ከክር የቀጠነ ነጭ ጸጉር። ሽማግሌው ጉልበታቸው እየተንቋቋ ተንበርክከው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ዕንቁ አንጥረኞች በሚይዙት አጉሊ መነጽር አዩዋት። ቀና ሲሉ ፊታቸው የልጅ ልጅ እንደተወለደለት ሰው ነበር። ሦስተኛዋ «ወይዘሮዋ» ቅጠለ ሰፊ፣ መልኳ የጠቆረ፣ ቅርንጫፎቿን እንደ መቅረዝ የዘረጋች ናት። ለምንም ነገር አትቸኩልም። ሁሉም ሲያብቡ እሷ ገና ቀሚሷን ታስተካክል ነበር።

አራተኛዋ «ድንኳ» ናት። ሦስቱ በቀጥታ ባልዲው ውስጥ ነው የተዘሩት። እሷ ግን በወረቀት የቡና ኩባያ ውስጥ በቅላ ኋላ ነው የተዛወረችው። ሲያዛውሯት አፈሩ ተበትኖ ሥሯ ተበጠሰ። ሁለት ሳምንት ያህል ባለችበት ቆማ ቀረች። ከዚያ የስንዝር ያህል እንደሆነች፣ እድገት ይጨመርልኝ ሳትል፣ አበባ ጀመረች። ቁመቷ አልደረሰም እንጂ ቀኗ ደርሶ ነበር።

ሽማግሌው አዘኑ። ማዳበሪያ እጥፍ አደረጉላት። በሦስተኛው ቀን የቅጠሎቿ ጫፍ በእሳት እንደተለበለበ ቢጫ ሆኖ ተጠቀለለ። እናቴ በመጋረጃው ጠርዝ ሆና ምላሷን ጠቅ ጠቅ አደረገች።

«የታመመን ልጅ በግድ ያጎርሳሉ እንዴ? ተዉአት በልልኝ።»

አልኩላት። ባጥሩ በኩል «እናቴ ተዉአት ትላለች» አልኳቸው። ሽማግሌው ወደ መስኮቱ ቀና ሲሉ መጋረጃው ተወዛወዘ። ማዳበሪያውን ግን ተዉ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሳይነጋገሩ ይግባቡ ጀመር። ጠዋት ጠዋት ሽማግሌው ባልዲ ሲያዞሩ፣ እናቴ ከላይ ሆና አንገቷን ትነቀንቃለች ወይም ታወዛውዛለች።

አንድ ማታ ቡና ስናፈላ «ያቺ ድንኳ አንተን ነው የምትመስለው» አለችኝ።

እኛም አራት ነን። ከአራታችን አጭሩ እኔ ነኝ፤ ይህ የታወቀ ነው፤ ግን በዚህ ዕድሜዬ ከሐሺሽ ጋር ተለክቼ አላውቅም። ማኩረፌን አይታ ሲኒውን አቀበለችኝ።

«በቁመት አይደለም። በሰባት ዓመትህ ትማር ብለን ነቅለን አዲስ አበባ አክስትህ ቤት ሰደድንህ። በዓመቱ ልጠይቅህ ስመጣ በዚያው ልብስህ ነው ያገኘሁህ። እጅጌው እንኳ አላጠረህም።» ከሰሉን ቆሰቆሰች። «ሌሎቹ እዚያው በተዘሩበት ነው ያደጉት።»

ቡናውን ጠጣሁ። ስኳር መርሳቷን አልነገርኳትም።

ጁላይ ላይ ሽማግሌው ልጃቸውን ሊጠይቁ ለአራት ቀን ሊሄዱ ሆነ። ወደ አጥሩ ጠሩኝና ተክሎቹን ውኃ ታጠጣልኝ ወይ አሉኝ። በጎረቤት ደንብ ይህ የሚጠየቅ ነገር አይደለም፤ እሳቸው በረዶ ሲጥል የኔን በራፍ ስንት ጊዜ ጠርገዋል። እኔ ግን ያን ሰሞን የዜግነት ማመልከቻዬን አስገብቼ ቃለ መጠይቅ እየጠበቅኩ ነው። ኤን-400 የሚባለው ቅጽ ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ ሕገ ወጥ ዕፅ አምርተህ፣ አብቅለህ፣ ሸጠህ፣ አከፋፍለህ ታውቃለህ ወይ የሚል ነው። የኢሚግሬሽኑ መሥሪያ ቤት ደግሞ በኤፕሪል 2019 ባወጣው መመሪያ ክፍለ ሀገሩ የፈቀደው ካናቢስ እንኳ በፌዴራል ሕግ ወንጀል ስለሆነ የአመልካቹን «መልካም ጠባይ» ሊያጎድል ይችላል ብሏል። ለዜጋው የተፈቀደው ለግሪን ካርዱ ባለቤት አልተፈቀደም። ውኃ ማጠጣት «ማብቀል» ነው? ጠበቃ ለሆነ ጓደኛዬ ደወልኩለት። ጥያቄዬን እንኳ አላስጨረሰኝም፤ «ባጥሩም አትንጠልጠል» አለኝ።

እየተንተባተብኩ ለሽማግሌው ነገርኳቸው። ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «ልጄ፣ እኔ ይህን ሕግ ፈርቼ ጡረታ ድረስ ኖሬያለሁ» አሉ። የውኃ ጠርሙሶች ክዳናቸውን በስተው በየባልዲው ዘቅዝቀው ተከሉና ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን ሙቀቱ ሰው አላስወጣ አለ። ሦስቱ ቻሉት። የድንኳ ጠርሙስ ግን ወደ ጎን ዘንበል ብሎ ውኃው ባንድ በኩል ፈሶ አልቆ ኖሯል፤ ቅጠሏ ሁሉ ወደ ታች ተሰቀለ። እናቴ ጆግ ይዛ ከደረጃው ስትወርድ በሩ ላይ ደረስኩባት።

«እማዬ፣ ቪዛሽ!»

«እኔ የማጠጣው ውኃ ነው። ውኃ በየትኛው ሕግ ነው ክልክሉ?»

«ውኃው አይደለም። የሚጠጣው ነው።»

ጆጉን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ፎቅ ወጣች። ማታ አራት ሰዓት ላይ ነጎድጓድ ተሰማ። ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። ጠዋት ድንኳ ቀጥ ብላ ቆማለች። እናቴም በዚያች ቀን እንደ ንግሥት ነው ቁርስ የበላችው። መስከረም ላይ ቃለ መጠይቅ አድራጊዋ ያቺን ጥያቄ ስታነብልኝ ለአፍታ አንደበቴ ተያዘ። «አብቅለህ ታውቃለህ?» ጸሎት ይገባበታል? ደግሞስ የጸለይኩት እኔ አይደለሁም። «አላውቅም» አልኳት፤ አለፈችኝ።

ሽማግሌው ከተመለሱ በኋላ አጉሊ መነጽሩን ይዘው በየቀኑ ጎንበስ ይሉ ጀመር። የአበባው መድረስ የሚታወቀው በላዩ በሚገኙት የእንጉዳይ ቅርጽ ባላቸው ጥቃቅን እንክብሎች ነው። መጀመሪያ እንደ መስታወት ጥርት ይላሉ፣ ከዚያ እንደ ወተት ይደፈርሳሉ፣ በመጨረሻ የማር መልክ ይይዛሉ። ይህን ለእናቴ ስነግራት «ጠጅ ሲደርስ በተቃራኒው ነው፤ ከድፍርስ ወደ ጥሩ» አለች። አራቱም በየሰዓታቸው ነበር የደረሱት። ችኩሏ በ67 ቀኗ ተቆረጠች፣ ምርቷም አንዲት ብልቃጥ አልሞላም። ቀውላላዋ ሎሚ ሎሚ ትሸት ነበር። ወይዘሮዋ ከ90 ቀን በላይ ቆይታ ጓሮውን ሁሉ እንደ ስከንክ አገማችው፤ ስከንክ ማለት መኪና ሲገጨው ሰፈሩን የሚበክለው ያ ነጭ ሰረዝ ያለው አውሬ ነው። ድንኳ አንድ ቀጥ ያለ አበባ ብቻ ነው ያወጣችው፣ እንደ ጧፍ። ሽማግሌው ለደብተራቸው ያችኛዋን ብቻ ለይተው ፎቶ አነሡ።

እናቴ ድፎ ዳቦ ጋግራ ላከችላቸው። እሳቸውም ውለታ መመለስ ይወዳሉና ትንሽ ብልቃጥ ይዘው አጥሩ ጋ መጡ። አዋቂ ለአዋቂ ጥቂት መስጠት በቨርጂኒያ ይፈቀዳል። ሁለት እጄን ወደ ላይ አነሣሁ። ሳቁና ብልቃጡን ወደ ኪሳቸው መለሱ። ጥቂት አሰቡና የድንኳን ባዶ ባልዲ አመጡልን። ካርዷ አሁንም ጠርዙ ላይ ታስሯል።

ባልዲው እናቴን ከብልቃጡ በላይ አስደሰታት። ከቤተ ክርስቲያን አንዲት እናት የጤና አዳም ችግኝ አምጥታላት ነበርና፣ አፈሩን አማስላ ተከለችበት፣ በረንዳ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ የድሮውን ካርድ ፈትታ ጀርባውን አገላብጣ አየችውና እስክሪብቶ አስይዛ አስቀመጠችኝ።

«ስሜን ጻፍ። ካያቴ ጋር።»

ጻፍኩ።

«የፓስፖርቴን ቁጥር።»

«እማዬ፣ ይሄ እኮ ጤና አዳም ነው።»

«ፖሊሱ ጤና አዳም ያውቃል? ጉሎና ሐሺሽ ያልተለየበት አገር!»

ያልለየችውስ ማን ነበረች ብዬ ልከራከር አልኩና ተውኩት። ፓስፖርቷን ከሻንጣዋ አውጥታ ቁጥሩን አንድ በአንድ አነበበችልኝ፤ የጻፍኩትን ደግማ አስተያየች።

«ከታች ለግል ፍጆታ በል።»

አልኩ።

«ለቡና ብለህ ጨምርበት።»

ጨመርኩ። ካርዱን በክር አሰረችው፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዳ አየችው፣ ተመለሰችና ጽሑፉን ወደ መንገዱ አዞረችው።